የቡሬ መገንጠያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ በደጀን በኩል የተሻገረው የጎጃም አውራ ጎዳና፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን ወደ ኋላ እየተወ ቡሬ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ክንድ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወደ ደቡብ ተጠምዝዞ ቆላውን ይወርድና ዓባይን እንደገና ተሻግሮ፣ በጠቅላላው 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምቴ ይገባል። ሾፌሮች ይህን ቦታ «መገንጠያ» ይሉታል። ከእነርሱ በፊት በቅሎና አህያ ጭኖ ይመላለስ የነበረው ነጋዴ ቢጠየቅ ግን «መገናኛ» ባለው ነበር። ሁለቱም ስሞች እውነት ናቸው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን በየዘመኑ ይለያያል።

ዛሬ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የጂኦግራፊ መምህር በ1980ዎቹ መጨረሻ ቡሬ ሲያስተምሩ፣ በገበያ ቀን ተማሪዎቻቸውን ወደዚህ ሥፍራ ያወጧቸው ነበር። ትምህርቱ ቀላል ነው። ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ይሰመራል፤ ከማርቆስ የመጣ፣ ከዳንግላ የመጣ፣ ከዓባይ ማዶ የመጣ። ተማሪው የሚያልፈውን ሁሉ፣ መኪናም ሆነ አህያ፣ ሸክም ያዘለም ሆነ ባዶ እጁን የሚሄድ፣ በየዓምዱ ይመዘግባል። ሲቻልም ጠጋ ብሎ «ከየት ነው? ምን ጫናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ ካርታ ከግድግዳ ላይ ብቻ አይነበብም የሚል እምነት ነበራቸውና፣ ከርእሰ መምህሩ ጋር እስከ መነጋገር ያደረሳቸው ይኸው የመንገድ ዳር ትምህርት ነው። አንድ ክረምት መዳረሻ ላይ አንድ ልጅ ጭነት መኪናውን አስቁሞ ከየት እንደ መጣ ቢጠይቅ፣ ረዳቱ እስከ ጉልበቱ ተለስኖ ነበርና «ከጭቃ ነው የመጣነው፤ ወደ ጭቃ ነው የምንሄደው» ብሎ መለሰለት። ልጁም በታማኝነት «መነሻ፦ ጭቃ» ብሎ ጻፈ። መምህሩ አላረሙትም።

ደብተሩ እስከ ዛሬ አለ። በያዝነው ዓመት አይደለም፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት አንድ የኅዳር ሰሞን፣ መምህሩ ይህንኑ ደብተር በቦርሳቸው ይዘው ከደብረ ማርቆስ በማለዳ በሚኒባስ ተሳፈሩ።

ያ መንገድ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚነበብም ነው። ደምበጫ አቅራቢያ ጨረቃ የሚባል ወንዝ አለ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ከገቡ በኋላ፣ በእንግሊዙ መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ የጠላትን ምሽጎች አንድ በአንድ እያስለቀቀ በዚሁ መሥመር ወርዷል። የጦሩን ስንቅ ከሱዳን በረሃ ተሸክመው የመጡት ግመሎች አብዛኞቹ የደጋውን ዳገት ሳይዘልቁ አልቀዋል፤ የዘመቻ ታሪክ ለግመል ምዕራፍ የመስጠት ልማድ የለውም እንጂ ቢኖረው ይህ ዋናው ይሆን ነበር። የኢጣሊያኑ ኮሎኔል ናታሌ ከዊንጌት ጦር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሠራዊት ይዞ ሳለ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቀቀ። በሁለተኛው ቀን የሚያፈገፍገው ሠራዊት ጨረቃ ወንዝ ላይ ከአንድ የኢትዮጵያውያን ሻለቃ ጦር ጋር ተፋጠጠና ብርቱ ውጊያ ሆነ። ወራሪው በቡሬ ምሽግ የሠራው መንገድ የሚከፈልበትን ቦታ የያዘ ሁለቱንም አቅጣጫ እንደሚይዝ ስለሚያውቅ ነው። ምሽጉን ለቅቆ ሲወጣም መውጫው ያው አንዱ መንገድ ሆነበት።

ፍኖተ ሰላምም ስሟን ያገኘችው ከመንገድ ነው። የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግን በግእዙ «የሰላም መንገድ» ተባለች። መንገድን ስሟ ያደረገች ከተማ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ስሟ ይጎረብጣታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ሳቢያ ተሽከርካሪ የቆመባቸው፣ መንገደኛ ባለበት የቀረባቸው ሳምንታት ብዙ ነበሩ። በዚያን ዕለት ጠዋት ግን በዋናው ጎዳና ላይ ባጃጆች እንደ ንብ ይተራመሱ ነበር። ሚኒባሱም ሁለት ሰው አውርዶ፣ ሦስት ሰው ጭኖ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ወጣ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ማንኩሳ ይገኛል። አንባቢ ይህን ስም ሲሰማ ትዝ የሚለው ነገር አለ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከዚሁ ከማንኩሳ ነው። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ሰው ሁሉ በእግሩና በበቅሎ ይሄዳል፤ መንገዱም ረጅም ስለሆነ ሰው እየሄደ ያስባል፣ ይጸጸታል፣ ሐሳቡን ይለውጣል። ሚኒባሱ ማንኩሳን ለማለፍ የፈጀው ጊዜ መምህሩ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እስኪያደርጉ ድረስ ብቻ ነበር። መነጽሩን አድርገው ወደ መስኮቱ ሲዞሩ ማንኩሳ ከኋላ ቀርቷል።

የቡሬን መገናኛነት የፈጠረው አስፋልት አይደለም፤ ኢጣሊያም አይደለም። ዳሞት የሚባለው ይህ አገር ከዓባይ በስተ ደቡብ ካሉት ከጉድሩ፣ ከሆሮና ከሊሙ ጋር በገበያ የተሳሰረ ነበር። ከወዲያ ማዶ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ዝባድና ወርቅ ይመጣል፤ ከወዲህ አሞሌ ጨውና ሸማ ይሄዳል። ዓባይ ሲሞላ መሻገሪያው ይዘጋል፤ ሲጎድል ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ ይነሣል፤ በየኬላውም ያለ ቀረጥ አያልፍም። የዚህ ንግድ ጥቅም እስከ ጦርነት የሚያደርስ ነበር። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የተዋጉት የዓባይን ማዶ ገበያና ግብር ማን ይውሰድ በሚል ጉዳይ ነው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ቀን ተማረኩ። ታሪኩን በናፍቆት ብቻ የሚያወራ ሰው ደግሞ አንድ ነገር መርሳት የለበትም፤ በዚያው መንገድ ሰውም እንደ ዕቃ ተነድቶበታል። ከማዶ የተፈነገለ ልጅ ከአሞሌና ከሸማ ጋር ሲለወጥ ያየ መገናኛ ነው። ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነውና ነገሩ ሩቅ አይደለም። መምህሩም ለተማሪዎቻቸው ይህን ሳይነግሩ ዓምድ አስምረው አያውቁም ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይለወጥ አንድ ነገር ነበር። መንገደኛው ቡሬ ያድራል። የሲራራ ነጋዴ በቅሎው ይደክምበታልና ያድራል፤ ሳር ይገዛል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ወሬ ያወራል፣ ወሬ ይሰማል። አውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ የዓለም ባንክ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች በመጀመሪያው አገሪቱ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ከተበደረች በኋላም፣ የጎጃም መንገድ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ጠጠር ሆኖ ስለ ቆየ የመኪናው ዘመንም ማደርን አላስቀረም። ሎንችናው ሲመሽበት ያድራል፤ ጭነት መኪናው ጎማው ሲሰምጥ ሁለት ሌሊትም ያድራል። ቡሬን ያቆማት ይህ ማደር ነው። አልጋ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ ጎማ ለጣፊው፣ በርበሬ በቁና የምትሰፍረዋ ሴት፣ ሁሉም የሚኖሩት በሌላው ሰው መዘግየት ነበር።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር መንገድ በአገር አቀፉ የመንገድ ልማት ፕሮግራም ታድሶ አስፋልት ሆነ። መምህሩ ያኔ እዚያው ነበሩ። መጀመሪያ የመጣው ግሬደር አይደለም፤ ቀይ ቀለም የያዘ አንድ ወጣት ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጎ አለፈ። በማግሥቱ ሰው ሁሉ የየራሱን ግድግዳ ትቶ የጎረቤቱን ያያል። ምልክቱ የበረንዳው ዐምድ ላይ ያረፈበት፣ ምድጃው ላይ ያረፈበት፣ ምልክት ያላረፈበት ደግሞ ከዕድለኞቹ መሆኑን ወይም የተረሳ መሆኑን ያላወቀ ነበረ። ከዚያ ዶዘሩ መጣ። ባሕር ዛፉ አጥር ወደቀ፤ በድንጋይ የተሠራ ጥልቅ ቦይ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተቆፈረ፤ ሱቆቹም ወደ ውስጥ ሸሹ። ድሮ አንድ እርምጃ የነበረው ከመኪና ወደ ሻይ ቤት የሚወስደው ርቀት በእንጨት ድልድይ የሚሻገሩት ሆነ። እንጨቱ ሲሰበር ደንበኛም ይሰበራል።

ከተሞች በመንገድ ሲታደሱ የሚነሣውና የሚመለሰው ነገር እኩል አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በ2005 ዓ.ም. የከተማው ባቡር መሥመር ሲዘረጋ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከአደባባዩ ተነሥቶ፣ ሕዝቡም እየተጨነቀ ጠብቆት፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ሐውልት ሲነሣ የት እንደ ተቀመጠ የሚጠይቅ አለው። የቡሬ በረንዳዎች ሐውልት አልነበሩምና የጠየቀ አልነበረም። መሬቱ ከ1967 ዓ.ም. አዋጆች ወዲህ የሕዝብና የመንግሥት ስለሆነ ካሣ የሚከፈለው በላዩ ላይ ለተሠራው ነው፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የግድግዳውንና የቆርቆሮውን ዋጋ ያሰላ ነበር። ደንበኛ የቆመበትን ጥላ ግን በምን ሒሳብ ያሰላዋል? ከብዙ ዓመት በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሞራል ጉዳት የሚከፈል ካሣ የሚል አሳብ አግብቷል። ሕግ ጉርብትናን ዋጋ እንዳለው ነገር መቁጠሩ ትልቅ ነገር ነው። ለቡሬ መገንጠያ ግን ዘገየ።

መምህሩ ከሚኒባሱ ወርደው በመጀመሪያ የፈለጉት አንድ አልጋ ቤት ነው። ቤቱን አገኙት፤ አልጋ ቤት መሆኑ ግን ቀርቷል። ፊት ለፊቱ የሲሚንቶና የቆርቆሮ መሸጫ ሆኗል። ባለቤቲቱ በጓሮ በኩል በርበሬ አስጥተው፣ ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ አስረው ይለቅማሉ።

«ደኅና ዋሉ፣ እትዬ፤ አወቁኝ?»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ አስተዋሉና፣ «ልጆቹን ፀሐይ ላይ የሚያስቆሙት መምህር አይደሉም እንዴ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሞቱና ስላሉ ብዙ ተነጋገሩ። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ነገሩ ወደ መንገዱ መጣ።

«ያበላን ጭቃው ነበር፣ መምህር» አሉ ሴትዮዋ። «አምስት አልጋ ነበረኝ። ሐምሌና ነሐሴ መደብ ላይ ሁሉ ሰው ይተኛልኝ ነበር። የነቀምት ሾፌሮች የሚያመጡትን ቡና እጄ ላይ ቆልቼ ለማርቆስ ሾፌሮች አጠጣለሁ። አንዱ የአንዱን ቋንቋ ባይሰማ እንኳ እኔ ቤት ይግባባል። አሁን ማን ያድራል? ማርቆስ ቁርሱን የበላ ባሕር ዳር ምሳውን ይበላል።»

መምህሩ ዝም አሉ። አሳብ መስጠት ቢቃጣቸውም ሴትዮዋ ቀደሟቸው።

«አስፋልቱን ግን ክፉ ቃል አልናገረውም። ትልቋ ልጄ ምጥ ጠንቶባት ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ነው በመኪና ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያደረስናት። በግማሽ ሰዓት! በድሮው መንገድ ቢሆን መንገድ ላይ እቀብራት ነበር። ልጁ ይኸውና ቆርቆሮ የሚሸጠው እሱ ነው።» ወደ ሱቁ በአገጫቸው አመለከቱ። አንድ ረጅም ወጣት ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር።

ይህን የመሰለ ሒሳብ በካሣ ኮሚቴ ፊት አይቀርብም። ቢቀርብም እንዴት እንደሚዘጋ የሚያውቅ የለም፤ አምስት አልጋና አንድ ልጅ በአንድ መዝገብ አይደመሩም። መንገዱ ክፉ ነው የሚል ሰው ሌሊት ምጥ የያዛት ልጅ የለችውም፤ መንገዱ ያለ ዋጋ መጣ የሚልም አልጋውን አላጠፈም።

ከአስፋልቱ በኋላ የመጣው ጥቅም እውነተኛ ነው። የምዕራብ ጎጃም በቆሎና የቡሬ በርበሬ ሳይበሰብስ ሩቅ ገበያ ይደርሳል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ዓባይ በረሃ ላይ ሲከፈት ከባድ መኪና ያለ ሥጋት የሚያልፍበት መሥመር ተገኘ። በ2013 ዓ.ም. የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ፊቤላ የተባለው ግዙፍ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ሥራውን ጀመረ። እነዚህ ሁሉ ቡሬ የተመረጡት መንገዶቹ የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች ነው። ከጎጃም ብቻ ሳይሆን ከወለጋም ሰሊጥና አኩሪ አተር ይመጣል ተብሎ ነው። ታዲያ በአሳቡ ላይ ከሦስቱ ክንዶች አንዱ ቢታጠፍስ የሚል ጥያቄ አልነበረበትም።

ታጠፈም። የነቀምቴው መሥመር ከጠጠር ወደ አስፋልት እንዲያድግ ሥራው ተጀምሮ ሳለ፣ ከ2013 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በዓባይ ማዶ በተስፋፋው ግጭት ምክንያት ጉዞው ለረጅም ጊዜያት ተቋረጠ። በጥንት ዘመን ዓባይ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋ ነበር፤ ነገር ግን ወንዝ የሚጎድልበት ወር ይታወቃል። መስከረም ሲጠባ ነጋዴው መጫኛውን ያበጃል። ሰው የዘጋው መንገድ ወር የለውም። ለነቀምቴ መኪና ብለው ቤት የሠሩ፣ ከማዶ የተጋቡ፣ እዚያ መሬት ያረሱ፣ እዚህ ዘመድ የቀበሩ ሰዎች ለሠርግም ለልቅሶም በአዲስ አበባ ዞረው መሄድ ግድ ሆነባቸው። የሴትዮዋ ሁለተኛ ልጅ ጊዳ ነው ያገባችው። «ስልክ አለ እንግዲህ» አሉ ሴትዮዋ፤ ከዚህ አላለፉም።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ መገንጠያው ላይ ወጥተው ቆሙ። ደብተሩን ከፈቱ፤ ከድሮዎቹ ገጾች ቀጥሎ ባለው ንጹሕ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ አሰመሩ። ከማርቆስ የመጣው ዓምድ ወዲያው መሙላት ጀመረ፤ ከዳንግላ የመጣውም እንዲሁ። ነገር ግን «ከየት ነው? ምን ጫናችሁ?» ማለት የማይቻል ሆነ። መኪናው ሸራውን አስሮ፣ ጥሩንባውን አንድ ጊዜ ነፍቶ ያልፋል፤ ታርጋው እንኳ አይነበብም። መጫኑንና አለመጫኑን ለማወቅ የጎማውን መርገጥ ማየት ብቻ ነበር የቀረው።

«ፋዘር፣ የት ላድርስዎ?» አለ አንድ የባጃጅ ልጅ።

«የትም አልሄድም፤ እየቆጠርሁ ነው።»

ልጁ ደብተሩን አየት አድርጎ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪ አልነበረውምና ጥቂት አብሮ ቆጠረ። ዓይኑ ፈጣን ስለሆነ መምህሩ ያመለጣቸውን ይነግራቸዋል፤ «አይሱዙ፣ ባዶ። ሲኖትራክ፣ ሲሚንቶ። ሚኒባስ፣ ትርፍ ጭኗል።» ሦስተኛውን ዓምድ ሲያይ ግን ሳቀና፣ «ይቺን ምን አደከመዎት?» አለ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በደቡቡ መንገድ ሦስት አህያ የሚነዳ ገበሬ ብቅ አለ። ጆንያዎቹ ቀይ አቧራ ለብሰዋል፤ የበርበሬው ሽታ ከሩቅ ያስነጥሳል።

«ከየት ነው፣ አያ?» አሉ መምህሩ ጠጋ ብለው።

«ከዚሁ ከቆላው።»

«ከማዶ ነው?»

ገበሬው ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ ቆሞ ጠያቂውን ተመለከተ። «ኧረ ከወዲህ ነው» አለና አህዮቹን ነዳ።

የባጃጁ ልጅ ወደ ደብተሩ ዘንበል አለ። «ይጻፋል ወይስ አይጻፍም?»

መምህሩ እርሳሳቸውን በምላሳቸው ጫፍ አርጥበው በሦስተኛው ዓምድ ሥር «3 አህያ፣ በርበሬ» ብለው ጻፉ፤ በመነሻው ቦታም «ከወዲህ» አሉ።